ደረት ላይ የቆመ መዳፍ

“ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ” አለ ወንድሟ በስልክ። “አያይዘሽ ጻፊያቸውና ኢንተር የሚለውን ተጫኚ።”

ሴትዮዋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ሸጉጣ፣ የተደፋ በርሜል ላይ ባስቀመጠችው ላፕቶፕ ፊት ተንበርክካ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትለቅማለች። ጄኔሬተሩን ያጠፋችው የወንድሟን ድምፅ ለመስማት ነው። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ታንከሩ ከተሰነጠቀ ወዲህ ውሃው በቀጥታ ከፓምፑ ስለሚወርድ፣ ፓምፑ ሲቆም ውጭ ያሉት ቧንቧዎች ወዲያው ይነጥፋሉ። ላፕቶፑም ቢሆን የሚሠራው በዚያው ጄኔሬተር ነው፤ ባትሪው አርጅቶ ሽቦው ከተነቀለ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አይቆይም። ኤሌክትሪክ ስታገኝ ወንድሟን አትሰማውም፤ ወንድሟን ስትሰማው ኤሌክትሪክ የላትም።

“አልተገኘም ይላል” አለች።

“ምን ብለሽ ጻፍሽ? አንብቢልኝ።”

“ኤል፣ ኤፍ፣ ፒ...”

“ኤፍ አይደለም እታለም፣ ኤስ ነው። ያቺ እባብ የምትመስለው።”

“በስልክ ሁለቱም አንድ ናቸው። መጀመሪያውኑ እባብ አትለኝም ነበር?”

ከውጭ የባዶ ጄሪካን ኳኳታ ይሰማል። ሰልፉ ላይ ያለች አንዲት ጎረቤት በበሩ አንገቷን አስግጋ ዛሬ የሚቀዳው ውሃ ነው ወይስ ኮምፒውተር ብላ ጠየቀች፤ ከኋላዋ ሳቅ ተነሣ። የፓምፕ ቤቷ ሴት ዓይኗን ከፊደሎቹ አላነሣችም። የዚህ መንደር ሰው ስሟን ትቶ “ቦኖዋ” ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ጠዋት ውሃ የምትለቅ፣ ማታ የምትዘጋ፣ ዘይት የምትቀይር፣ ሲበላሽም የምትሰደብ እሷ ናት። ስድቡን ለምዳዋለች።

እባቧን አስተካክላ ስትጽፍ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ መስመሮች ተጥለቀለቀ። ወንድሟ ከመሃላቸው ኔትወርክ የሚለውን መስመር ፈልጊ አላት። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ፊደሎቹን ግን ትለያለች። መስመሩን አግኝታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ጠራችለት። የመጨረሻውን ቁጥር እንደጠራች ስክሪኑ ጠቆረ።

“ጠፋ” አለች።

“ይጥፋ። የምፈልገውን አግኝቻለሁ።”

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። ሴት ልጇ ካለችበት ትምህርት ቤት፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች እያደሩ ከሚማሩበት፣ ከሩቁ ከተማ ስልክ ተደወለ። የደወለችው የርዕሰ መምህሩ ረዳት ናት፤ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ አነጋገሯ የተጣደፈ ወጣት። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያ በላይ አያስተምርም፤ አልጋዋም ለአዲስ ገቢ ይፈለጋል። ደግነቱ ዕድል ተገኝቷል። ከከተማው አልፎ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ የሚደረስበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ መስማት የተሳናቸው ሴቶችን ከነማደሪያቸው ይቀበላል። ቦታው ግን ጥቂት ስለሆነ የወላጅ ቃል እስከ አርብ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ለሌላ ይሰጣል።

“እሷ ምን አለች?” ብላ ጠየቀች ቦኖዋ።

“ተስማምታለች።”

“ማን ጠየቃት?”

“እኔው ራሴ ጠየቅኋት።”

“በእጅሽ ነው በአፍሽ?”

ረዳቷ የምልክት ቋንቋ መምህሩ ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ መሄዱን፣ እሷ ግን ቀስ እያለች በመናገርም፣ ወረቀት ላይ በመጻፍም በደንብ ማስረዳቷን፣ ልጅቷም ራሷን ነቅንቃ እሺ ማለቷን ነገረቻት።

ቦኖዋ ያን ንቅነቃ ታውቀዋለች። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልገባትን ነገር የምትሸኘው ራሷን በመነቅነቅ ነው። ሰው ፊቷ ቆሞ አፉን ሲያንቀሳቅስ አንድ ሁለት ጊዜ ትነቀንቃለች፤ ሰውየው ተረዳችኝ ብሎ ረክቶ ይሄዳል፤ እሷም ታርፋለች። አንድ ጊዜ አንድ ቀልደኛ ጎረቤት “እናትሽን ለገበያ ላውጣት?” ቢላት ነቅንቃለታለች። መንደሩ ብዙ ቀን ስቆበታል፤ እናትየው ግን አልሳቀችም።

በዚያው ቀን ማምሻውን በስልኳ መልእክት ገባ። “እማዬ ደህና ነኝ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። እሄዳለሁ” ይላል። ቦኖዋ አንብባ ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ልጇ እንዲህ አትጽፍም። የልጇ ቃላት ወረቀት ላይ ሲወጡ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተራርቀው ነው የሚቆሙት፦ “እማ ውሃ ሥራ ብዙ። እኔ ትምህርት ጥሩ። እማ ናፍቆት።” ይህ መልእክት ግን ቃሉም ነጥቡም የረዳቷ ነው። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ነቅንቃ ይሆናል።

በእጅ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ልጅቷ መስማት እንደማትችል ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ እናትና ልጅ በእጃቸው የራሳቸውን ቋንቋ ሠርተዋል። ጄኔሬተሩ ቃል አለው፤ ዝናብ ቃል አለው፤ ሰልፍ የምትጋፋው ጎረቤት እንኳ ሁለቱን የሚያስቅ የራሷ ምልክት አላት። በእጅ ሲያወሩ ልጅቷ ዋሽታ አታውቅም፤ መነቅነቅም አያስፈልጋትም። እሷ የምትፈልገውን ለማወቅ እጇን ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ የሰው ወሬ ነው።

ሄዶ ማየት እንዳይሆን፣ አውቶቡስ መንደሩን የሚያልፈው ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ነው። ረቡዕ የገባው ሐሙስ ጠዋት ይመለሳል፤ መንገድ ላይ ካልተበላሸ ትምህርት ቤቱ ያለበት ከተማ የሚደርሰው አርብ ከመሸ ነው። ወንድሟ ያለው በቅርቡ ከተማ ነው፤ እሱም ቢሆን ቢነሣ ከእሷ ብዙ አይቀድምም። ቢሆንም እኔ ልሂድ ብሎ ነበር።

“ሄደህስ ምን ልትላት ነው?” አለችው።

አጎቷ ከ“ነይ” እና “ብዪ” በቀር የእጅ ቃል አያውቅም።

ስለዚህ የቀረው ላፕቶፑ ነበር። ድሮ በመንደሩ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ዘመናዊ ስልክ ነበረው፤ አልፎ አልፎ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ልጅቷን በምስል ያሳያት ነበር። እሱ ሲዛወር ስልኩም አብሮት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ከሚሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ይህን አሮጌ ዕቃ አድሶ ላከላት። “ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ነው የጫንኩልሽ” ብሏት ነበር ያኔ፤ “ለአሮጌ ዕቃ የሚራራ እሱ ብቻ ነው።” ላፕቶፑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቆየ፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር በመንደሩ አልነበረምና። ሰሞኑን ነው የገበሬዎች ማኅበሩ ቢሮ ጣሪያ ላይ አንቴና የተተከለው። ዋይፋይ ገባ ተባለ። እሷም ሳጥኗን ከፈተች።

ላፕቶፑ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ የሰማ አይመስልም። ወንድሟ ዕቃውን ሲያድስ ኢንተርኔት ያገኘው በገመድ ነው። በአየር ይሠራል አይሠራም ብሎ አልሞከረውም። ይህን ሲነግራት ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ቁጥሮቹን በጠራችለት በዚያው ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲያልቅ ወንድሟ መልሶ ደወለ።

“ድራይቨር ነው የጎደለው” አላት።

“ሹፌር?”

“እንደሱ በዪው። ዕቃው አለ፣ የሚነዳው የለም።”

“ከየት ይመጣል ታዲያ?”

“ከኢንተርኔት ይወርዳል።”

“ኢንተርኔቱስ?”

“ሹፌሩ ሲገባ ይመጣል።”

እሱ መሳቅ ጀመረ፤ እሷ ግን ሳቋ አልመጣም። ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ በገመድ ብትሰካውስ ብሎ ጠየቃት። ጠይቃ ነበር። ገመድ የሚሰካበት ዕቃ ጣሪያ ሥር በብረት ሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉንም የተከሉት ሰዎች ይዘውት ሄደዋል። በመንደሩ ዘመናዊ ስልክ ያለው የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ሚስቱም አትነካበትም። አውሰኝ ስትለው በጨዋ ደንብ ስልክና ጥርስ አይዋስም ብሎ ነው የሸኛት። ኢንተርኔቱን ግን፣ ኮምፒውተርሽ ከሠራ በምሳ ሰዓት ነይና ተጠቀሚ ብሏታል።

“በቃ” አለ ወንድሟ፣ “ሹፌሩን በሹፌር እልክልሻለሁ።”

ረቡዕ አውቶቡሱ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ሹፌሩ ከሸሚዝ ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለች ፍላሽ አውጥቶ ሰጣት። ወንድምሽ “ሹፌር ጭኜልሃለሁ፣ አደራ አድርስልኝ” ሲለኝ የጠጣ መስሎኝ ነበር አላት። ጠዋት ለሚመለሰው መኪና ቦታ ትፈልጊ እንደሆነም ጠየቃት። ቦኖዋ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነበሩ። ብትሄድ አርብ ከመሸ ትደርሳለች፤ ቢሮው ተዘግቶ፣ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ። አልፈልግም አለችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ላፕቶፑን አቅፋ ማኅበሩ ቢሮ ገባች። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ የተደረደረ ባዶ ጆንያ፣ የመሬት ሚዛን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን የሚብለጨለጭበት የብረት ሳጥን። ሊቀመንበሩ ምሳውን ከቤቱ አስመጥቶ እየበላ ነበር። የሶላሩን ሶኬት በማንኪያው ጠቆመላት።

ረዳቷ ልጅቷን በዚህ ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ይዛት እንድትቀመጥ ተለምና እሺ ብላለች። ወንድሟ በስልክ ላይ ነው። ፍላሿ ተሰካች። እሱ ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ እባቧን አሁን አትስታትም። መሃል ላይ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ጻፈች፤ ስክሪኑ ላይ ግን አንድም ነገር አልወጣም። ደግማ ጠበቅ አድርጋ ነካች፤ ምንም የለም።

“ፊደሉ ሞቷል” አለች።

“አልሞተም። የይለፍ ቃል ሲሆን እንዲህ ነው፤ ይሰማል ግን አያሳይም። አምነሽው ጻፊና ኢንተር በዪ።”

ጽፋ ኢንተር አለች። መስመሮች ወረዱ። አጥፍተሽ አብሪው አላት፤ አጠፋችው፣ አበራችው። አነሣሡ ዘገምተኛ ነው። ሊቀመንበሩ ማኘኩን ትቶ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። በስክሪኑ ጥግ፣ ከዚህ በፊት ባዶ በነበረበት ቦታ፣ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ትንሽ ምልክት ብቅ አለ። ስትነካው አንድ ስም ብቻ ወጣ፤ የማኅበሩ ስም።

“አገኘኝ” አለች፤ አገኘሁት ለማለት ፈልጋ ነው።

ወንድሟ በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሊቀመንበሩ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለማንም እንዳትነግር አስጠንቅቆ በጆሮዋ ነገራት። ከዚያ ወንድሟ የጠራላትን የትምህርት ቤቱን የቪዲዮ ጥሪ አድራሻ ከፈተች። ነጭ ገጽ መጣ፤ በገጹ መካከል አንዲት ክብ መዞር ጀመረች። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ሊቀመንበሩ ወደ ምግቡ ተመለሰ፤ በልቶ ጨረሰ፤ እጁን ታጠበ።

ድንገት ልጅቷ መጣች።

ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች፤ ከፊቷ ከሳ ብላለች፤ ወይም ምስሉ ነው። አፏ በግማሽ ተከፍቶ እጇ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደዚያው ቀረ። ቦኖዋ በደስታ ሁለት እጇን አውለበለበች። ምስሉ አልተንቀሳቀሰም። ከቆይታ በኋላ ሌላ ምስል መጣ፤ እጆቿ አሁን ታች ናቸው፣ ጣቶቿ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆራርጠዋል። ሌላ ምስል። ሌላ። ልጅቷ እያወራች ነው፤ ብዙ ነገር እያወራች ነው። እዚህ የሚደርሰው ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል፣ ከሌላው ዓረፍተ ነገር ሌላ ፊደል ተነቅሎ ነው።

“ደረሰሽ? አየሻት?” ይላል ወንድሟ በስልክ።

“አየኋት” አለች። “ዝም በል እስቲ።”

ሊቀመንበሩ ኔትወርኩ ለጽሑፍ እንጂ ለምስል አቅም እንደሌለው፣ እሱም የዋጋ ዝርዝር ሲልክ ገና ከጠዋት ጀምሮ እንደሚጠብቅ ነገራት። ቦኖዋ እየሰማችው አልነበረም። አንድ ነገር ተገልጦላታል፤ የሚሄደው ይቀራል፣ የቆመው ግን ይደርሳል። እጇን አነሣች። የ“መሄድ”ን ምልክት ሠርታ፣ ሳታንቀሳቅስ፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ ያዘችው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠቆመች፤ ጣቷንም በአየር ላይ ያዘችው። ከዚያ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ መዳፏን ዘረጋች፤ ትፈልጊያለሽ ወይ?

ልጅቷ ብልህ ናት። የሚመጣው ምስል ላይ እጆቿ ቆመው ነበር፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። እናቷ ምን እያደረገች እንደሆነ ገብቷታል። እሷም መልሷን እንዲሁ ሰጠች።

ቀኝ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

ምስሉ መጣና ቆመ። ቦኖዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በቤታቸው ቋንቋ መዳፍ ደረት ላይ ሲያርፍ ገና ቃል አይሆንም፤ የቃል መጀመሪያ ነው። መዳፉ ደረት ላይ ክብ ከሠራ “ደስ ይለኛል” ነው። ወደ ሆድ ተጎትቶ ከወረደ “ከፋኝ” ነው። ቃሉ ያለው በመሄዱ ላይ ነው። ፊቷን ብታየው ይለይላት ነበር፤ ፊቷ ግን ከአገጯ በላይ በአራት ማዕዘን ተበታትኗል።

“አንቀሳቅሽው” አለች ቦኖዋ በአፏ፤ ልጇ እንደማትሰማ ረስታ። የራሷን መዳፍ ደረቷ ላይ አድርጋ በክብ አዞረችው፤ ከዚያ ወደ ታች አወረደችው፤ የቱ ነው? ይሄ ነው፣ ይሄ? እዚያ ማዶ የደረሰው ደረቷ ላይ የቆመ መዳፍ ብቻ እንደሆነ ያወቀችው፣ የልጅቷ ቀጣይ ምስል ሲመጣ ነው። የልጅቷ መዳፍ ያው ደረቷ ላይ ነው። ምናልባት እናቴ ገባኝ አለችኝ ብላ ይሆናል። ምናልባት እናቴንም እንደኔው ነው የሚሰማት ብላ ይሆናል።

ከዚያ ክቧ ተመልሳ መጣች። ዞረች፣ ዞረች። ምስሉ ነጣ።

ደግመው ሞከሩ። ወንድሟ ምስሉን የሚያሳንስ ትእዛዝ አለ ብሎ ጠራላት፤ ጻፈች፤ አልጠቀመም። ሊቀመንበሩ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሳይጠየቅ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፤ ሞክሪ እስቲ በዚህ አለ፤ ዓይኗን ግን አላያትም። በስልኩም ያችው ክብ ነበረች፤ አነስ ብላ ብቻ። የሳጥኑ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ብርቱካንማ ተለወጠ፤ ገበሬዎችም ከጆንያዎቻቸው ጋር በሩ ላይ መሰለፍ ጀመሩ።

ረዳቷ በስልክ ደወለች። ደስ ብሏታል። በጥሩ ሁኔታ ተያያችሁ አይደል አለች፤ ልጅቷም በጣም ደስ ብሏት ነበር።

“እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር” አለች ቦኖዋ። “ከዚያ ወዴት ወሰደችው?”

“ምን ማለትዎ ነው?”

“እጇን። አዞረችው ነው፣ ወደ ታች አወረደችው?”

“አላስተዋልኩም እናቴ። እኔ ስክሪኑን ነበር የማየው፣ እርስዎን።”

“አሁን አጠገብሽ አለች?”

“አለች።”

“ጠይቂልኝ። መዳፍሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ አሳያትና፣ ምን እንደምታደርግ ንገሪኝ።”

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ቦኖዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

“ምን አደረገች?”

“ራሷን ነቀነቀች” አለች ረዳቷ። “እሺ እያለች ነው።”

ቦኖዋ ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ሽቦውን ጠቅልላ፣ ሊቀመንበሩን አመስግና ወጣች። ፓምፕ ቤቱ ስትደርስ ሰልፉ ተጠማዝዞ መንገዱን ይዞታል። ማንም አልተቆጣትም። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር።

እስኪመሽ ድረስ ውሃ ስታስቀዳ አሰበችበት። ብታስመጣትስ? እዚህ ያለው አንድ ቧንቧና አንዲት እናት ናቸው። እናትየው ደግሞ ዘላለም አትኖርም። ከእሷ በኋላ የልጅቷን እጅ የሚያነብ አንድ ሰው በዚህ መንደር የለም፤ ቀሪ ዕድሜዋን ለሁሉም እየነቀነቀች መኖሯ ነው። ፋብሪካውስ? እጃቸው የሚናገር ሴቶች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ማታ ማታ ሲያወሩ ታያት። ወዲያው ደግሞ ግቢው ተቆልፎ፣ ልጇ ማሽን ላይ ጎንበስ ብላ፣ አለቃው ከላይ ቆሞ አፉን ሲያንቀሳቅስባት ታያት። ሁለቱንም በዓይኗ አላየችም፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ወንድሟ ደውሎ ሌላ ዘዴ ልፈልግ፣ ምናልባት በሚመጣው ወር የተሻለ አንቴና ይመጣል ይባላል አላት። ደግ ልጅ ነው። ዕቃው ሠርቷል፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል ብላ አጽናናችው። እውነቷን ነው፤ ዕቃው ሠርቷል።

አርብ ረፋዱ ላይ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጄኔሬተሩን አጠፋችው። ውጭ ቧንቧዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሰው ነጠፉ፤ ከሰልፉ ግን ድምፅ ያሰማ የለም።

ረዳቷ በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች። የፋብሪካው መኪና የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው፤ ስሞቹን ዛሬ ማሳወቅ አለባቸው፤ ሌላ እየጠበቀች ያለችም ልጅ አለች። ምን ወሰኑ?

“ትሂድ” አለች ቦኖዋ።

“ጥሩ ወስነዋል እናቴ። እንግዲያው ልጅቷ ተስማምታለች፣ ወላጅም ፈቅደዋል ብዬ...”

“እሱን አትጻፊ።”

“የቱን?”

“ተስማምታለች የሚለውን። እናቷ ላከቻት ብለሽ ጻፊ።”

ረዳቷ ግራ ገባት። ነገሩ ያው እንደሆነ፣ ልጅቷ የምትሄደው በዚህም ሆነ በዚያ እንደሆነ፣ ፋብሪካው ግን በፈቃዳቸው የመጡትን እንደሚመርጥ በለዘብታ አስረዳቻት። ቦኖዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

“ፈቃዷን እኔ አላየሁም፤ አንቺም አላየሽም” አለች። “እዚያ ሄዳ ቢከፋት፣ አንቺ ነሽ እሺ ያልሽው ብሎ ወረቀት የሚያሳያት ሰው እንዳይኖር። የምትቆጣው ሰው ይኑራት። እኔን ትቆጣ።”

ረዳቷ እሺ አለች፤ እንደዚያው እጽፋለሁ፣ ይሂዱ ሥራዎን ይሥሩ።

ቦኖዋ ስልኩን አልዘጋችም። ጻፊና አንብቢልኝ አለቻት፤ ግድግዳውንም ተደግፋ ቆማ ጠበቀች።